ለአንድ ቀበሌ የአስቸኳይ ጊዜ ምግብ፦ ስንዴ እንግዛ፣ ብር እንበትን፣ ወይስ ሌላ? (ዋግ ኽምራ)

የዋግ_ተወላጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር የዋግ ኽምራ ተወላጆች አዋጥተን ለአንድ ቀበሌ ምግብ ልናደርስ ነው። በዕርዳታ መዝገቡ ላይ ያለው ሕዝብ 1,000 ሰው ገደማ ነው። የመንግሥት ስንዴ ይመጣል፣ ግን ዙሩ ይዘገያል ይላሉ። ኮሚቴያችን ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ "ስንዴ ገዝተን በመኪና እንላክ" ሲል ግማሹ "ብሩን በቴሌብር እናድርስ" ይላል። የዱቄት ወተት ከዚህ በኮንቴይነር እንላክ ያሉም አሉ። በሥራው ላይ ያላችሁ፣ ምን ያህል? እንዴት? በማን በኩል? "እግዜር ይስጥልን" ብቻ ሳይሆን ቁጥር ያለው መልስ ብትሰጡን።

መጋዘን_ቤት

ከቁጥሩ እንጀምር። በአገራችን የተለመደው የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። በቀን ሲካፈል 500 ግራም ስንዴ፣ 50 ግራም ክክ፣ 15 ግራም ዘይት ይሆናል። ስንዴው 1,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፣ ክክ 170፣ ዘይት 130። ድምሩ 2,000 ነው፤ ለአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ የሚያዘው መነሻ ደግሞ 2,100። ስለዚህ ሙሉ ራሽን እንኳ ትርፍ የለውም።

ለ1,000 ሰው ለአንድ ወር፦ ስንዴ 150 ኩንታል፣ ክክ 15 ኩንታል፣ ዘይት 500 ሊትር። ጨው በዝርዝሩ ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ እናንተ አስገቡት። በቀን 5 ግራም ሲታሰብ በወር ለአንድ ሰው 150 ግራም ነው፣ ለሁሉም 150 ኪሎ። አዮዲን ያለው ይሁን።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው የሚጎድለው? የመንግሥት ወይም የድርጅት ዙር ሲመጣ ስንዴው ይደርሳል፣ ክክና ዘይቱ ግን ይቀራል ወይም ከሁለት ወር በኋላ ብቻውን ይመጣል። የወረዳውን አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ጽሕፈት ቤት ያለፉትን ሦስት ዙሮች በዓይነት ጠይቁ፦ መቼ ገባ፣ ምን ገባ፣ ለስንት ሰው ተከፈለ። ስንዴው እየገባ ከሆነ ስንዴ አትግዙ። ክክ፣ ዘይትና ጨው ለ1,000 ሰው በድምሩ 21 ኩንታል ነው፤ አንድ አይሱዙ ይሸከመዋል፣ ቦታም ይተርፈዋል። 150 ኩንታል ስንዴ ግን ሦስት ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ይፈልጋል፣ ጫኝና አውራጅ በሁለት ቦታ፣ መጋዘን፣ ጥበቃ። በዚያው ገንዘብ ክክና ዘይቱን ከአንድ ወር በላይ መሸፈን ትችላላችሁ።

ቁና

መጋዘን_ቤት ያለው ልክ ነው። አንድ ወጥመድ ልጨምር፦ "ኩንታል" የምትለዋ ቃል ሰነድ ላይ ታሳስታለች። ስንዴ በ50 ኪሎ ጆንያ ነው የሚመጣው፣ በቆሎ ብዙ ጊዜ በ100። ወረዳው "300 ገባ" ሲላችሁ ጆንያ ነው ኩንታል? ልዩነቱ እጥፍ ነው። ውል ስትጽፉ በኪሎ ብቻ ጻፉ፤ የጆንያውን ብዛት ከጎኑ አድርጉ።

ሌላው፣ ጆንያው ላይ 50 ስለተጻፈ 50 አይደለም። ጫኝና አውራጅ በመንጠቆ ስለሚጎትቱት በየማራገፊያው ይፈስሳል። ከየመኪናው ሃያ ጆንያ በዘፈቀደ አውጥታችሁ መዝኑ፣ አማካዩን ያዙ። ጎድሎ ከተገኘ ሾፌሩ ሳይሄድ የመጫኛ ሰነዱ ላይ ይጻፍ፤ ከሄደ በኋላ የሚቆጠር ጉድለት የማንም አይሆንም፣ ወይም የመጋዘነኛው ይሆናል።

ገበያ_ዋጋ

እኔ ደግሞ ብሩን እደግፋለሁ። ስንዴ ያገኘ ሰው ወፍጮ ይከፍላል፣ የአህያ ኪራይ ይከፍላል፣ ሽሮና በርበሬ ይገዛል። እነዚህን ሁሉ የሚከፍለው ከስንዴው ሸጦ ነው፤ ያውም ሁሉም በአንድ ቀን ስለሚሸጥ በርካሽ። ያቺ ሽያጭ "ተረጂው ዕርዳታ ይሸጣል" ተብላ ትወራለች። ብር ቢኖረው ስንዴውን አይነካውም ነበር።

መጋዘን_ቤት

@ገበያ_ዋጋ በመርሕ አልከራከርም፣ ግን የቦታውና የወሩ ጉዳይ ነው። ብር የሚሠራው ገበያው ላይ እህል ሲኖር ነው። በጥር ብር ቢሰጥ እህል ይገዛል፤ በነሐሴ መንገድ በጎርፍ በተቆረጠበት ቀበሌ ብር ቢበተን ዋጋውን ሰቅሎ ነጋዴውን ነው የሚረዳው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በአቅራቢያው ገበያ ሦስት እህል ነጋዴ ለየብቻ ጠይቁ። "ከወትሮው እጥፍ ገዢ ቢመጣ በስንት ቀን ታስገባለህ? በስንት?" መልሳቸው ከሳምንት በላይና በጣም የተለያየ ከሆነ ብሩን ተዉት።

ቴሌብርም ኔትወርክ ይፈልጋል፣ ወኪሉም ጥሬ ብር። 200 አባወራ በአንድ ቀን ወኪል ጋ ቢሰለፍ እስከ ምሳ ካዝናው ባዶ ነው። ስልክ የሌላት አሮጊት ደግሞ በሰው ስልክ ትመዘገባለች፤ ከዚያ ወዲያ ብሩ የባለስልኩ ነው።

ለወፍጮው መላ አለ። ለባለወፍጮው በቀጥታ ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የኪሎ መጠኑ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት ኩፖን ስጡ፤ ባለወፍጮው ኩፖኑን ሰብስቦ በሳምንቱ ይከፈለዋል። ሁለት ወፍጮ ካለ ከሁለቱም ጋር ተዋዋሉ፣ አንድ ብቻ ሲሆን ወረፋው ሰው ያሳድራል። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ናፍጣው ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጎጥ_ለጎጥ

ስለ እህሉ ተነጋገራችሁ፣ ስለ ስም ዝርዝሩ ማንም አላነሳም። ዕርዳታ የሚበላሸው እዚያ ነው።

"1,000 ሰው" ሲባል የማን ቆጠራ ነው? ብዙ ቀበሌ ላይ ኮታው ከወረዳ ይወርዳል፣ ኮታው ደግሞ ከተራበው ያንሳል። ኮሚቴው ሰው ላለማስቀየም ቤተሰቡን ይቀንሳል፦ አምስት ነፍስ ያለው ቤት በሦስት ይመዘገባል። 45 ኪሎ ስንዴ ለአምስት ሰው 9 ኪሎ ነው፣ በቀን 300 ግራም፣ ወደ 1,000 ኪሎ ካሎሪ። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ራሽን፣ ድስቱ ላይ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ስንት ሰው?" ሳይሆን "ቤተሰብ በሙሉ ነፍሱ ነው የተመዘገበው?" ይሁን።

ሁለተኛ፣ ማን ቀረ? ከመዝገብ የሚወድቁት የታወቁ ናቸው፦ ጎጆ የወጡ ግን መሬት ያልተሰጣቸው ወጣቶች፣ የተፋቱ ሴቶች (ስማቸው ከቀድሞው ባል ጋር ይቀራል)፣ ከሌላ ወረዳ ተፈናቅለው ዘመድ ቤት የተጠጉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች፣ አካል ጉዳተኞች። ዝርዝሩን በየጎጡ ከፍላችሁ ከእነዚህ ውስጥ በየጎጡ ማን እንዳለ በስም አስጠሩ። አንድም ካልተጠራ ጎጡ አልተዳሰሰም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበብ፤ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በገበያ ቀን። በመጋዘን በር ላይ ይለጠፍ። ቅሬታ ሰሚው ዝርዝሩን ያወጣው ኮሚቴ መሆን የለበትም፤ በብዙ ቦታ አንድ ናቸው፣ ከሳሹም ዳኛውም እሱ ይሆናል።

በሴፍቲኔት (በመንግሥት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም) ያለውንም አጣሩ። የሴፍቲኔት ክፍያ ብዙ ጊዜ ከጥር እስከ ሰኔ ስድስት ወር ነው፤ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙት ግን ዓመቱን ሙሉ ናቸው። በክረምቱ ሴፍቲኔቱ ስለቆመ "እሱ ተጠቃሚ ነው" ብሎ ሰውን ማስወጣት ስሕተት ነው።

ሽማግሌ_ነኝ

ልጆቼ፣ አንድ ነገር አትርሱ። እህሉ ከተሰጠ በኋላ ሰው ማታ ይካፈለዋል። ድርቅ ሁሉንም ነው የመታው፤ ዕድሩም ደቦውም አንድ ላይ ነው። ጎረቤቱ ጦሙን አድሮ 15 ኪሎ የሚበላ ማነው? ይህን ሌብነት አትበሉት።

ጎጥ_ለጎጥ

አባቴ፣ ሌብነት አላልኩም። ግን ክፍፍሉ ማታ ሲሆን የሚከፋፍለው ጉልበት ያለው ነው። መካፈሉ የማይቀር ከሆነ ከስርጭቱ በፊት በጉባኤ ይወሰን፣ ዝርዝሩ ይስፋ፣ ራሽኑም በግልጽ "10 ኪሎ ነው" ተብሎ ይጻፍ። ያኔ ማኅበሩ ምን ያህል እንደጎደለ ያውቃል፣ ለቀጣዩ ይጨምራል። ማታ የተካፈለው ሪፖርት ላይ "ሙሉ ራሽን ደረሰ" ተብሎ ነው የሚገባው። አጥቢዎችና ሕፃናት ያሉበት ቤት ግን ከክፍፍሉ ውጭ እንዲሆን ሽማግሌዎች ቢማሉ ጥሩ ነው፤ እሱን እናንተ ካልሆናችሁ ማንም አያስከብረውም።

ጤና_ኬላ

የዱቄት ወተቱን ነገር ልዝጋው፦ አትላኩ። በአስቸኳይ ጊዜ የዱቄት ወተትና ጡጦ ማከፋፈል በዓለም አቀፍ መመሪያም የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱ ውሃው ነው። በቆሸሸ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ተቅማጥ ያመጣል፣ እናት ደግሞ ማጥባት ትቀንሳለች፣ ጡቷም ይደርቃል። ለሕፃኑ ከፈለጋችሁ እናቱን መግቡ።

በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት መንገድ ሌላ ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ያሉ ልጆች በግራ ክንዳቸው፣ በትከሻና በክርን መሃል፣ በመለኪያ ጥብጣብ ይለካሉ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች (ቀይ) ከባድ ነው፤ ከ11.5 እስከ 12.5 በታች (ቢጫ) መካከለኛ። ክንዱ ደህና መስሎ ሁለቱም እግሮቹ ያበጡም አሉ፦ እግሩን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ጎድጉዶ ከቀረ ያ ልጅ እንደ ቀይ ነው የሚታየው። ቀዩ ለጤና ኬላው ተመላላሽ ሕክምና ነው፣ የምግብ ፍላጎት ካጣ ወይም ከታመመ በተኝቶ ሕክምና ይታያል። የሚታከምበት ፕላምፒነት (በለውዝ የተሠራ የሕክምና ምግብ) አንዱ ፍሬ 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ካርቶን 150 ፍሬ ይይዛል፣ ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምናም በግምት አንድ ካርቶን ይሄዳል። ይህን እናንተ አትገዙም፣ በጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ነው የሚመጣው። እናንተ የምትችሉት ቤት ውስጥ ያለውን ረሀብ ማስታገስ ነው፤ አለበለዚያ ለታመመው ልጅ የተሰጠው ፕላምፒነት ለአራት ወንድምና እህት ይከፋፈልና ልጁ አይድንም። ወላጆችን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው፣ ግን ሌሎቹም ተርበዋል።

ለነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች (ክንዳቸው ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ) ፋሚክስ (የተመጣጠነ የገንፎ ዱቄት) ጥሩ ነው። ስትመርጡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ አንዳንዱ ተጨማሪ ምግብ የዱቄት ወተት አለበት፣ በሁዳዴና በፍልሰታ የሚጾሙ እናቶች ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡታል። ወተት የሌለበትን ግዙ።

ሰነድ_ያዥ

"በማን በኩል" ለሚለው። ማኅበራችሁ አሜሪካ የተመዘገበ ቢሆንም አገር ቤት በስሙ መሥራት አይችልም፤ በአዋጅ 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ ይጠይቃል። ለአንድ ቀበሌ ይህን ሁሉ ከመሄድ ከተመዘገበ አካል ጋር ተዋዋሉ፦ ቀይ መስቀል፣ የቤተ ክርስቲያኗ የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን፣ ወይም በአካባቢው የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት። ውሉ ባለ ሦስት ወገን ይሁን፦ እናንተ፣ ድርጅቱ፣ ወረዳው። ገንዘቡ በግለሰብ ሒሳብ አይግባ፣ የሚታመን ዘመድ ቢሆንም፤ በተለይ የሚታመን ዘመድ ከሆነ፣ ኋላ ሐሜቱን የሚሸከመው እሱ ነው።

ግዢው በሦስት ፕሮፎርማ። መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22፣ በክምሩ ላይ ቢን ካርድ (የገቢና ወጪ መቆጣጠሪያ)። ስርጭት ሲያልቅ ሞዴል 22 ላይ ያለው ኪሎና ተረጂዎች የፈረሙበት ዝርዝር ድምር መገጣጠም አለበት። የማይገጥም ከሆነ "ትርፍራፊ" ተብሎ የሚታለፍ የለም፣ ይመዘን።

የሥራ ክፍፍሉ ላይ ደግሞ፦ ስም ዝርዝር ያወጣ ሰው የመጋዘን ቁልፍ አይያዝ፣ ቁልፍ የያዘ ሰው አያድል። በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ዕርዳታ ያቆሙት እህሉ ወደ ገበያ መዞሩ ስለተገኘ ነበር። ያቋረጡት ለወራት ነው፤ የተራበው ግን ያዞረው ሰው አልነበረም። በ2016 ሲመለሱ ካሻሻሏቸው ነገሮች አንዱ የተረጂ መረጣ ላይ የአካባቢ ባለሥልጣናትን እጅ መቀነስ ነው። የእነሱን ያህል አቅም ባይኖራችሁም ቁልፍና ዝርዝርን መለየት ነጻ ነው።

ቁና

የስርጭቱን ቀን እኔ ልንገራችሁ።

በጣሳ ማደል ይቅር። ጣሳ ይሞላል፣ ይቆረጣል፣ በአዳዩ እጅ ይወፍራል ይከሳል። አሥር ነፍስ በአንድ ቡድን አድርጉ፦ አሥር ሰው 150 ኪሎ ነው፣ ማለትም ሦስት ያልተከፈተ ጆንያ። ዘይቱ ባለ 5 ሊትር አንድ ጀሪካን ለአሥር ሰው ልክ ግማሽ ግማሽ ሊትር ነው። ክክ 15 ኪሎ፣ ጨው አንድ ኪሎ ተኩል። ይህ ሲሆን በመጋዘን ደጃፍ ስንዴና ዘይት አይከፈትም፣ ብክነቱም ይቀንሳል። ችግሩ ቡድኑ ውስጥ ነው፤ የአራት ነፍስ ቤትና የስድስት ነፍስ ቤት ሲካፈሉ ጉልበተኛው ይወስዳል። ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ሁለት ተንጠልጣይ ሚዛን ስቀሉ፣ ክፍፍሉ እዚያው ይሁን፣ የቤቱ ድርሻ በኪሎ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ በቃል ይነገር።

መስመር በገመድ ከልሉ፦ መግቢያ፣ መታወቂያና ፊርማ (ወይም አሻራ)፣ መቀበያ፣ ክፍፍል፣ መውጫ። ከሚወጡት በየአሥሩ አንዱን መዝኑና ጻፉ። የቅሬታ ጠረጴዛው ከመውጫው ውጭ ይሁን፣ ከሰልፉ ውስጥ ከሆነ ማንም አይናገርም። ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡርና አካል ጉዳተኛ ይቅደሙ፤ መምጣት የማይችል በጽሑፍ ውክልና ይላክለት፣ ግን አንድ ሰው ከሁለት ቤት በላይ አይወክል፣ አለዚያ ወኪል ነጋዴ ይፈጠራል። በጎጥ በጎጥ ቀን ስጡ እንጂ ሁሉንም አትጥሩ፤ ሰው ሳይጨልም ቤቱ መግባት አለበት፣ በተለይ ሴቶች።

የጫኝና አውራጅ ዋጋ ቀድሞ ይጻፍ። መኪናው ደርሶ ድርድር ከተጀመረ ተሸንፋችኋል።

የዋግ_ተወላጅ

እጅግ እናመሰግናለን፣ ኮሚቴው ጋ ወስደነዋል። ክክ፣ ዘይት፣ ጨውና የወፍጮ ኩፖን በሚለው ተስማምተናል። ሁለት ጥያቄ ቀረን። አንድ፣ መቼ እናስገባ? ሁለት፣ ለሦስት ወር የሚሆነውን አንድ ጊዜ ገዝተን ቀበሌ መጋዘን እናስቀምጥ?

መጋዘን_ቤት

መቼ ለሚለው፦ የመኸሩ እህል እስኪደርስ፣ እስከ ኅዳር፣ ከባዱ ጊዜ ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ነው። መንገዱ ሳይበላሽ፣ ከሰኔ አጋማሽ በፊት ይግባ። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው የጸጥታው ሁኔታም መንገድ ይዘጋል፤ የሾፌሩን "ይከፈታል" ብቻ አትስሙ፣ ከዞን አረጋግጡ።

መጋዘኑ በከፊል ይቻላል። ክክ፣ ዘይትና ጨው በደረቅ ቤት ሦስት ወር ይቆያሉ። ክምሩ መሬት አይንካ፣ በእንጨት ፓሌት ይነሣ፤ ከግድግዳ አንድ ሜትር ይራቅ፣ አይጥና ፍሳሽ እንዲታይ። ዘይቱ ከክኩ በታች ወይም ለብቻ ይሁን፤ ከላይ ያለ ጀሪካን ካፈሰሰ ክኩ ይበላሻል። ፀሐይ አይንካው። ክኩን ስትገዙ ከጆንያው አፍ ያለውን አትዩ፣ በመውጊያ ብረት ከመሃልና ከታች ናሙና አውጡ፦ ድንጋይ፣ እርጥበት፣ ነቀዝ። በጣት ሲጫኑት የሚለሰልስ ክክ አይወሰድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ነቀዝ ከገባ በኋላ ማንም "ፎስቶክሲን (የነቀዝ መርዝ) እንጨምር" ቢል አትፍቀዱ። እርጥበት ሲነካው የሚገድል ጋዝ ይለቃል፤ አየር በማያስገባ ሸራ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ሰው በማያድርበት ቤት ብቻ የሚሠራ ነው። የቀበሌ መጋዘን አጠገብ ዘበኛ ይተኛል፣ ጎንም ትምህርት ቤት አለ። ነቀዝ የገባበትን አበጥራችሁ በዚያው ሳምንት አድሉ።

ሰነድ_ያዥ

አንዲት ነገር ውሉ ላይ ትግባ፦ ባዶው ጆንያና ጀሪካን የማን ነው? ካልተጻፈ በመጋዘን በኩል ይሸጣል፣ ጠቡም ከእህሉ በላይ ይሆናል። ጀሪካኑ ከዘይቱ ጋር ለቡድኑ፣ ጆንያው በዕጣ ለተረጂ ይሰጥ ብላችሁ ጻፉ።